እንካ፣ ያዛት

ሰው ስለ ወገቡ ይዋሻል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወፍራሙ «ከስቻለሁ» ሲለኝ፣ ቀጭኑ «ሰሞኑን ሞላ ብያለሁ» ሲለኝ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ስለዚህ ሜትሬን እንጂ የሰው ቃል አላምንም። ጎረቤቶቼ ተጠራጣሪ ይሉኛል። ይበሉ። ሱሪያቸው ልክ የሚመጣላቸው ስለማላምናቸው መሆኑን ግን አይርሱ።

የስፌት መኪናዬ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊት የግቢውን በር ያያል። ወጪ ገቢውን ሳልፈልግም አየዋለሁ፣ ብፈልግም አየዋለሁ። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤት የመስታወት ቤት ነው። መስታወት ስሙ አይደለም። ቫርኒሽ ቀቢ ነው፤ እሱ በጨረሰው ጠረጴዛ ላይ ሴቶች ጸጉራቸውን እያዩ ያስተካክላሉ ተብሎ የወጣለት ነው። የማወራው ስለ እሱና ስለ ትንሿ ልጁ ነው።

ሥራውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሙጫውን በአልኮል ያሟሟል፤ ከዚያ የጨርቅ ቋጠሮ እየነከረ እንጨቱን በክብ በክብ ያሸዋል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይልገዋል፤ እንደገና ያሸዋል። ትዕግሥቱ ያስቀናል። መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ሲያሽ ውሎ ማታ ሲገባ ልብሱም፣ ጸጉሩም፣ ቆዳውም አልኮል አልኮል ይላል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው መጠጣቱ በምን ይታወቃል? ሌላው ጠጪ በአፍንጫ ይያዛል። እሱ ግን ሳይጠጣም ይሸታል፣ ጠጥቶም ይሸታል። ሚስቱ አንድ ቀን «እኔ ካገባሁ ወዲህ አፍንጫዬ ሥራ ፈቷል» ብላኝ ተሳስቀናል። ያኔ ልጅ አልነበራቸውም፤ መሳቅ ይቻል ነበር።

ይጠጣ ነበር። ጠጪ ሁሉ ይጮሃል፣ ይማታል ብሎ የሚያስብ ሰው እሱን አላየም። መስታወት ሲጠጣ ይለዝባል። ሁሉን ይወዳል፤ የተደገፈውን በር ሳይቀር ይቅርታ ይጠይቃል። «ክፉ ጠጪ አይደለም» ይሉለታል የግቢው ሰዎች። ክፉ ያልሆነ ጠጪ ለጎረቤት ይስማማ ይሆናል። ለጨቅላ ግን አይስማማም፤ ጨቅላ አንገቷ እንኳን የሚቆመው በሰው እጅ ነው።

ልጅቷ ከተወለደች ብዙም አልቆየችም፣ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መስታወት ቀማምሶ፣ ደረቱ ላይ አስተኝቷት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስትመለስ እሱ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል፤ ልጅቷ ከደረቱ ተንሸራትታ፣ አንድ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጭንቅላቷ ወደ ሲሚንቶው ተዘቅዝቋል። ድምፅ አላሰማችም ነበር። እናቷ ቅርጫቱን ወርውራ ቀለበቻት። የጮኸችው እናትየዋ ናት፤ ያን ጩኸት እኔም በግድግዳው ሰማሁ።

ሲነቃና የሆነውን ሲነግሩት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን አያቸው። በመስኮቴ በኩል ቃል በቃል ሰማሁት።

«ከዛሬ በኋላ መጠጥ ከቀመስኩ ይህ እጄ አይነካትም። ቢነካት ይቆረጥ።»

«መጠጡንስ?» አለች ሚስቱ።

«እሱንም እተዋለሁ።»

«እሱንም» አለ። ልብ ያለው ልብ ይበል። የማለው ስለ እጁ ነው፤ መጠጡን በይደር አቆየው። እኔ ያኔውኑ ነገሩ አልጣመኝም፤ እውነቱን ለመናገር ግን መሐላውን ጠበቀ። የጠጣ ቀን ልጁን አይነካም። ክፋቱ መጠጣቱን አይናገርም፤ በሩን አልፎ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይሄድና «እጄ ቫርኒሽ ነው» ይላል። ሲታጠብ፣ ሲታጠብ፣ ልጅቷ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ይህን ምስጢር የደረሱበት አማቱ ናቸው። ልጃቸውን ሊረዱ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ከዚያ እሑድ ወዲህ በሁሉ ነገር የሚበረግጉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ቁልፍ ላስተክል ብለው ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ፣ አስተውለሻል? ማክሰኞ እጁ እስከ ክርኑ ቫርኒሽ ነበር፤ ሮጦ አቀፋት። ትናንት እጁ ንጹሕ ነው፤ እታጠባለሁ ብሎ ቧንቧው ሥር ዋለ። የዚህ ሰው አፉም ጠረኑም ይዋሻል። እጁ ግን አይዋሽም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ልጅቷን በር ላይ ይዤ እጠብቀዋለሁ።»

ጠበቁትም። አመሻሽ ላይ የበሩ መወርወሪያ ሲንቃጨል ልጅቷን ያነሷታል። ጡት ላይ ብትሆን ከጡት ይነጥቋታል፤ ተኝታ ከሆነ ትቀሰቀሳለች። እሱ ገና አንድ እግሩን ሳያስገባ ልጅቷን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ይዘረጓታል። «እንካ፣ ያዛት።» ከያዛት ያ ቀን ሰላም ነው፤ ራት በሳቅ ይበላል። «እማማ፣ እጄን ልታጠብ» ካለ ልጅቷን መልሰው ደረታቸው ላይ ይለጥፏትና ለሚስቱ በዓይናቸው ይነግሯታል። ሌላ ጥያቄ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። ግቢው በሙሉ ነገሩን ለመደው። ልብስ የሚያሰጡትም፣ ሸክላ የሚያጥቡትም ቀና ብለው አይተው፣ ነገሩን አውቀው ያቀረቅራሉ። እኔም መኪናዬን አቆም ነበር፤ እግዜር ያያል።

ልጅቷ እንግዲህ ሚዛን ሆነች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው። ሌላ ሕፃን አባቱ ሲመጣ ይፍለቀለቃል፤ እሷ መወርወሪያው ሲንቃጨል ሰውነቷን ታደርቃለች። አየር ላይ ስትዘረጋ እግሮቿን ሰብስባ፣ ጡጫዋን ጨብጣ ትጠብቃለች፤ ወይ ትሰጣለች፣ ወይ ትመለሳለች። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የአያቷን ፊት ታያለች፤ ከዚያ የእሱን፤ ከዚያ ተመልሳ የአያቷን። እንድትስቅ ሲያባብሏት እንኳን መጀመሪያ ዙሪያዋን ትቃኛለች። የግቢው ሴቶች «አቤት አስተዋይ! አቤት ብልጥ!» ይላሉ። እኔ ግን የራሴን ዓይን አየሁባት፤ ደንበኛ ቀጭን ነኝ እያለኝ ወገቡን የማይበትን ዓይን። በእኔ ዕድሜ እንጀራ ያበላል። ጥርስ ባላበቀለች ልጅ ላይ ግን ደስ አይልም።

ለአባቷም አልበጀውም። ሳይጠጣ መጥቶ ሲያቅፋት ግንድ ሆና ትቀበለዋለች። አንድ ቀን ጨርቅ ሊያስቆርጥ ገብቶ፣ ጨርቁን እያሻሸ፣

«እትዬ፣ ልጄ ትጠላኛለች» አለኝ።

«ሕፃን ሰው አይጠላም።»

«ስይዛት እንጨት ትሆናለች። እኔ እንጨት አውቃለሁ፤ እያሹት ይለሰልሳል። እሷ ግን ባሻት ባሻት…»

በማግስቱ ቧንቧው ሥር ብዙ ቆየ። ሲጠጣ ትደርቅበታለች፣ ስትደርቅበት ይጠጣል። መጀመሪያውን የሚያገኝ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ እያለ የሚስቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ደረሰ። ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ አንሶላ ስታጥፍ ሁለት ሰው ታክላለች። አለቃዋ በከሰዓት ፈረቃ ሰኞ ካልገባች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል። አያትየዋ ደግሞ ባላቸው ታመዋል፤ ወደ ቤታቸው መመለስ አለባቸው። እኔ ዘንድ አይታሰብም፤ ቤቴ መርፌ በመርፌ ነው፣ ልጅ መያዝም አልችልበትም። የቀረው አባትየው ነው። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት ልጅቷን ይይዛል። ግን ልጅቷ በእሱ እጅ ትቀር ይሆን? የቤቱ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ቆመ።

ሚስቱ ቆረጠች። «ይህን ሳምንት ሙሉ በር ላይ ከያዛት ሥራዬን እገባለሁ። አንድ ቀን እንኳን እጄን ልታጠብ ካለ ሥራው ይቅር» አለች። ይህን የተናገረችው እሱ ፊት ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መስታወት ምን እንደሚፈተን ብቻ ሳይሆን መልሱንም አወቀ።

ሰኞ ያዛት። ማክሰኞ ያዛት። ረቡዕም ሐሙስም ያዛት፤ አያትየዋ ሻንጣቸውን አውጥተው አናፈሱ። ዓርብ መወርወሪያው ተንቃጨለ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። በሩ ላይ አፍታ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ሚስቱ ፊቷ በራ፤ አያትየዋ «ተመስገን» አሉ። እሱ ልጅቷን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እግሩን አንድ አንድ እያለ፣ አፉ ድረስ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው። ያልጠጣ አባት ልጁን ይዞ እንደዚያ አይራመድም፤ እያወራ፣ እየተደናቀፈ፣ በትከሻው በር እየገፋ ይገባል። እሱ እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም።

ማታውን ሚስቱን ጠራኋት። «አረማመዱ አላማረኝም» አልኳት።

ሳቀችብኝ፤ በክፋት አይደለም። «እትዬ ደግሞ፣ አንቺ የማን አረማመድ አምሮሽ ያውቃል? ባለፈው ወተት ሻጩን ውሃ ይቀላቅላል አልሽ፤ ፖስተኛውን ደብዳቤ ይከፍታል አልሽ።»

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። ወተት ሻጩንም አሁን ድረስ አላምነውም። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው አንድ ቀን እውነት ሲይዝ የሚሰማው የለም። ቅዳሜ አያትየዋ ተሸኙ፤ እሑድ ሚስቱ የሥራ ልብሷን ተኮሰች።

ሰኞ ከሰዓት ሙሽራ የሚለብሰውን ኮት እየሰፋሁ ነው። ልጅቷ አለቀሰች። ሕፃን ያለቅሳል አልኩ። ቀጠለች። ወተት እያሞቀ ይሆናል አልኩ። ቀጠለች። ልቅሶው መጀመሪያ የጥሪ ነበር፣ ከዚያ የቁጣ ሆነ፣ ከዚያ ሻካራ ሆነ። የእሱን ድምፅ ጠበቅሁ፤ እሽሩሩ የለም፣ ስሟን መጥራት የለም፣ እግር የለም። ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ ልቅሶው ቆመ። መቆሙን አልወደድኩትም፤ ኮቱን ጥዬ ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። መስታወት አልወጣም። ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ጀርባውን አጣብቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ሸጉጧቸዋል። ልጅቷ ክፍሉ መሐል ፍራሽ ላይ ናት፤ ዙሪያዋን ትራስ ደርድሮላታል። ሽንቷ ጨርቋን አልፎ ፍራሹን አርሷል። ጡጦው ሞልቶ እሱ አጠገብ ቆሟል፤ ነካሁት፣ በረዶ ነው። ልጅቷ ዓይኗ ክፍት ነው። ድምፅዋ አልቆ አፏ ብቻ ይከፈታል። እኔን ስታይ እጇን አልዘረጋችም። ፊቴን አየች፤ ከዚያ የእሱን፤ ከዚያ የእኔን።

«አንሻት» አለኝ። «እባክሽ አንሻት፣ እኔ አልችልም።»

አነሳኋት። አልተጠመጠመችብኝም፤ እንዳነሳኋት እንደዚያው ደርቃ ቆየች።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ከሥራ ስወጣ አንድ ብቻ ብዬ…» እንባው ይወርዳል። «ምያለሁ። እጄ አይነካትም። አልነካኋትም እትዬ፣ በልጄ ይዤሻለሁ አልነካኋትም።»

«እዚህ ተቀምጠህ ስታለቅስ ሰማሃት?»

«ሰማኋት።»

«እኔ ግድግዳው ጥግ አይደለሁም? በቡጢህ ብትመታው እመጣ የለም? ለምን አልጠራኸኝም?»

እጆቹን ጭኑ ሥር እንደሸጎጠ ቀና ብሎ አየኝ። «ብጠራሽ ታውቂ ነበራ።»

ዓርብ ዕለትስ አልኩት። ዓርብም ጠጥቶ ነበር። ለምን ተቀበልካት ስለው «እማማ ዘረጓት፤ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ እምቢ ብል ሥራዋ ሊቀር ነው። መሐላዬን እዚያ በር ላይ አፈረስኳት። ዛሬ እንኳን ልጠብቅ ብዬ ነው» አለኝ። ልመታው ፈለግሁ። ላቅፈውም ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም፤ ጡጦውን አሞቅሁ።

መሐላው ልጅቷን ከመውደቅ አዳናት። ዝምታው ግን በረሃብና በሽንት ውስጥ አስተኛት። ጠጪ አባት ሕፃን ላይ የሚያደርሰውን ሰው ሲጠይቀኝ እጅ እግር የተሰበረ ልጅ እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ የማወራው ይህችን ነው። አንድም ጭረት የለባትም።

ሚስቱ ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት፤ እሱም ምንም አላስተባበለም። አልጮኸችም። ልጅቷን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታ ስትጨርስ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ እንካ የሚልህ የለም። ስትጠጣ በአፍህ ትናገራለህ። ጠጥቻለሁ ትላለህ፤ ሌላ ሰው ይይዛታል፤ አንተ እንጨት ቤትህ ታድራለህ። ሳትጠጣ ስትመጣ ራስህ ስጡኝ ትላለህ። የውሸት እጅ መታጠብ አልቋል።»

«ብናገር አትጠይኝም?»

«አላውቅም» አለች። «ዝም ብትል ግን እንደምሄድ አውቃለሁ።»

አያትየዋ የታመሙትን ባላቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አንዲቷ ክፍል ጠበበች፣ የሚስቱ ሥራ ግን ተረፈ። እሱ መጠጥ ለማቆም የሚረዱበት አንድ ጤና ጣቢያ መሄድ ጀመረ። ወንበር ከበው ያወራሉ አሉ። እኔ አላመንኩም፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምንም። በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «ጠጥቻለሁ» ብሎ ተመልሷል። ልብስ የሚያሰጡት ሁሉ ይሰሙታል፤ ጆሮው ድረስ ይቀላል። እንደዚያ ያለ ድፍረት አይቼበት አላውቅም ነበር። ቀናቱ እየተራራቁ ሄዱ። ክረምቱ ሲወጣ «ስጡኝ» የሚለው ቃል በረከተ፤ እጁን ሳይታጠብ፣ ከነቫርኒሹ። ልጅቷ ግን አልለሰለሰችም። ፈተናው ማብቃቱን በአፍም በእጅም ያልነገሯት እሷን ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ነው። ልጅቷ የእኔን በርጩማ ይዛ ትቆማለች አሁን። ባዶ የክር ማጠንጠኛ ሰጥቻት ስታላምጠው መወርወሪያው ተንቃጨለ። ደረቀች። መስታወት ገባ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ ቢያንስ እንደዚያ መሰለኝ። እስከ ደጃፌ መጥቶ፣ ሳይቀርባት መሬት ላይ ተንበረከከና እጁን ዘረጋ። እናቷም አያቷም ከበራቸው ያያሉ።

አፏን ፈትታ አታውቅም ነበር። «እማ» አላለችም፣ «አባ» አላለችም። ማጠንጠኛውን ከአፏ አውጥታ፣ በትንሽ እጇ ወደ እሱ ዘረጋችው።

«እንካ» አለች።

ከበሩ ሳቅ ፈነዳ፤ እናትየዋ «ተናገረች!» አለች። እሱ ፊቱ ተፈታ፣ እጁን ሊቀበላት አስጠጋ። ጣቱ ሊነካው ሲል ልጅቷ ማጠንጠኛውን ወደ ደረቷ መለሰችው። ከዚያ ፊቱን ታየው ጀመር፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን። ሳቁ ቆመ። አያትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንካ» አለች ደግማ፤ ዘረጋች፤ መለሰች፤ አየችው።

ልነግረው ፈለግሁ፣ በቃህ ተነሣ፣ ልጅ ናት፣ ትጫወታለች ልለው። ግን እየተጫወተች እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ መዳፉ ጥፍሩ ሥር ድረስ ቫርኒሽ ነው። እጁን አልሰበሰበም።